ከስድሳ እስከ ሰባ

ኅዳር ነው። ከድራቫ ወንዝ የተነሳው ጉም
መስኮቴን ደፍኖታል፤ ማሪቦር ዛሬ የለችም።
ያለው ይህ ክፍል ነው፦ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣
ጆሮና ግንባር ላይ የሚያርፍ ቀላል የብረት ቅስት፣
ከታች ጥርሶች ፊት የሚጣበቅ፣ ከማንኪያ ያነሰ ነገር፣
እና ገና ምንም ያልተሰመረበት ስክሪን ከወንበሩ ዳር።

ወይዘሮ ቶንችካ ገቡ። ካፖርታቸውን፣ ሳይቸኩሉ፣
ገበሩን ወደ ውጭ አጥፈው ከወንበሩ ጀርባ ሰቀሉ።
አርባ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፊ። መቀስ እያለ አጠገባቸው
ክሩን ሲበጥስ የኖረው የግራ በኩል ጥርሳቸው።
«ሳኝክ ቀጭ ይላል» አሉኝ፣ ከጆሯቸው ፊት እየነኩ፤
«ሌሊት ደግሞ ስታንኮ ‹ጠጠር ትፈጫለሽ› ብሎ በክርኑ ይነካኛል።»

ሰው «ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት» ይላል፤ ብሎ ያልፋል።
የቻለውን፣ ቀን በቀን፣ አንጓው ይጽፋል።

ቅስቱን አሰርኩላቸው። ገመዱን ሰካሁ።
«ይክፈቱ» አልኩ። «ይዝጉ። ወደ ፊት ይግፉት። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ።»
የቀኙ መስመር፣ ሰማያዊው፣ ጎበጥ ብሎ ወረደ፣
በወረደበት ተመልሶ ቤቱ ሄደ።
የግራው፣ ቀዩ፣ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ
እንደ ተቋጠረ ክር ያዝ አደረገው፤ ዘለለ፤ ሲመለስ
ሌላ መንገድ ያዘ።
በአጥንትና በአጥንት መሃል ትንሽ ትራስ አለች፤
ከቦታዋ ሸሽታ ትቆይና፣ አፍ ሲከፈት ዘልላ ትገባለች።
ቀጭ የምትለው እሷ ነች።

«አሁን ይቁጠሩ» አልኩ። «ከስድሳ እስከ ሰባ።»
በ‹ስ› የተሞላ ቁጥር ነው፤ ጥርስ ጥርስን ሳይነካ
የፀጉር ያህል ተጠግቶ ያልፋል፤
መንጋጋ ማንም ሳያዝዘው የሚሄድበት መንገድ ያኔ ይታያል።
በእኛ ቋንቋ አንዱ ከአሥሩ ይቀድማል፦
አንድ-እና-ስድሳ። ሁለት-እና-ስድሳ።
አውራ ጣታቸው ቀሚሳቸው ላይ ይሄድ ነበር፣ ቀስ እያለ፣
ለዓይን የማይታይ ሜትር በእጃቸው እንዳለ።
ሦስት-እና-ስድሳ። አራት። አምስት-እና-ስድሳ።

ቆሙ።

መሣሪያው ዝምታን አይዘልም።
ሁለት ጠፍጣፋ መስመር፣ ጎን ለጎን፣ ሰማያዊና ቀይ፣
ሰባት ሰከንድ፤ ወደ መጨረሻው ቀዩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣
ጨርቅ ላይ ቢሆን ማንም ልብ የማይለው ያህል።
«ስድስት-እና-ስድሳ የያስና ወገብ ነው» አሉ፣
ብረቱ ከንፈራቸውን እያሰናከለ። «ቀሚሱ አለ። ስፒሎቹም እንዳሉ ናቸው።»
ሞታ ይሁን ሄዳ አልጠየቅሁም፤
ቅጹ ለእንዲህ ያለ ነገር ባዶ ቦታ የለውም።
«ሰባት-እና-ስድሳ» ብለው ቀጠሉ፤ እስከ ሰባ ዘለቁ።

ዶክተር ግሬጎር አራት ሰዓት ላይ ገባ።
መስመሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፦ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ልባስ፣
ጠዋትና ማታ እንቅስቃሴ፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ልኬት።
ሰባቱን ሰከንድ በብዕሩ ጫፍ ነካ። «ይህ ብልሽት ነው፤ ቁረጠው።»

እሳቸው ወረቀቱን ለመኑኝ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው
በቀዩ መስመር ላይ በጥፍራቸው ሄዱበት።
«ወደ ግራ ይስባል» አሉ። «ማነው እንዲህ የቀደደው?
እኔ ብሆን ፈትቼ እንደገና እሰፋው ነበር።»
ሳቁ። ሲስቁ ቀጭ አለ። ሁለታችንም ሰማን።

ካፖርታቸውን ሲለብሱ ያዝኩላቸው። ጉሙ መስኮቱን ለቆ
የድልድዩ ግማሽ ታየ።
ፋይሉን ከፈትኩ፤ መቁረጫውን ሰባቱ ሰከንድ ላይ አሳረፍኩ፤
ተውኩት።
ደህና ልብስ ሰፊ ከስፌቱ በስተውስጥ
ሁለት ጣት ጨርቅ ያስቀራል፣ ከውጭ የማይታይ፣ የማይቆረጥ፤
ምናልባት፣ አንድ ቀን፣
ቢሰፋ።