ሞክሼ

ኅዳር ነው፣ ሳስካቱን፤ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፣
ወንዙ ገና አልረጋም፣ ስባሪ በረዶ እየጋለበበት፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዶሪን ክራፍቹክ ከጎተራ፦
«ሚንታ፣ ማድረቂያሽ ሞቷል፤ ፋኑም አይዞር፣ መብራቱም አይበራ፤
ስንዴዬ እርጥብ ነው።»
ምንታምር ነው ስሜ። አላረምኳትም።
ስም የሚታረምበት ሰዓት አልነበረም።

የላከችልኝ መዝገብ ቢከፈት፣ አንዲት መስመር ብቻ ናት፤
የወደቀበት አድራሻ፣ ከሥሩ የጥያቄ ምልክት።
ከርነል ሲወድቅ ወጉ ይህ አልነበረም፤
እንደ አገር ሰው ዘሩን ይቆጥራል እንጂ፣ እንዲህ ዱዳ ሆኖ አይቀርም።
ማን ጠራህ? እገሌ። እገሌንስ ማን ጠራው? እገሊት፤
እሷንስ? እያለ፣ የቁልሉን ስፌት
እርከን በእርከን ተርትሮ፣ ሰባት ቤት አልፎ ይወጣል፣
ጠሪ የሌለው ጠሪ ጋ ሲደርስ ያርፋል።
ይሄኛው ግን ወላጅ የለው፣ ከሰማይ ዱብ ያለ፣
ሞቱን ነግሮኝ፣ መንገዱን ላይናገር የማለ።

የመተርተሪያው ሰንጠረዥ የት ሄደ?
ግንባታው ውስጥ ማነው የካደ?

እዚህ የሚሠራው እዚህ አይኖርም።
ከጠረጴዛዬ ሥር ያለው ትልቁ ማሽን
ለማያውቃት ታናሽ ቺፕ ልብስ ይሰፋል፣
ቋንቋዋን ሳይናገር፣ ቁመቷን ሳያይ።
ስለዚህ መርፌ ሳያነሣ እስክሪፕቱ ይጠይቃል፤
ሦስት መስመር ጽፎ ለአሰምብለሩ ይልካል፦
ተግባሩ እዚህ ይጀምራል፣
ይህን ሬጅስተር አስቀምጫለሁ፣
እዚህ ያበቃል።
ይህን አነጋገር ታውቃለህ?

የሚያውቅ ዝም ይላል። ዜሮ። አልፏል።
የማያውቅ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ወደማይሞላ ጉድጓድ ይጣላል፣
ሰንጠረዡ ሳይጻፍ ይቀራል፣
ማንም አይቆጣ፣ ግንባታው ያልቃል፤
በአረንጓዴ ፊደል «ተሳካ» ይላል።

የጉድጓዱን አፍ ከፈትኩት፤ ጩኸቱ ስክሪኑ ላይ ይፍሰስ ብዬ።
«የማይታወቅ ትእዛዝ።»
የማን አለማወቅ?

ስሙን አየሁት፤ በአጭሩ ተጽፏል፣ የአባት ስም የለው፤
በዚህ ቤት ግን ሞክሼዎች አሉ፤ አሰምብለር ማለት ሁለት ነው፣
አንዱ የዚህ ማሽን፣ አንዱ የጎተራዋ፤
በደፈናው ለተጣራ፣ አቤት የሚለው ቅርቡ ነው።
ጥያቄው የዚያኛው ነበር፣ መልሱን ይሄኛው ሰጠ፤
«አላውቅም» አለ። አልዋሸም።
ግን የሌላውን ምላስ ቆረጠ።

ማን ጻፋት ይህችን መስመር? የለውጦቹን ማኅደር ገለጥኩ፤
ከአራት ዓመት በፊት፣ መጋቢት፣ ዓርብ ማታ፤ የራሴን ስም አነበብኩ።
አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነበር መሰለኝ። ወይም ርቦኝ።
እንጃ፤
ለእኔም መተርተሪያ የለኝ።

የአባቱን ስም ጨመርኩለት፤ ተገልብጦ ከፊት ይገባል።
ሦስቱ መስመሮች እንደገና ሄዱ።
ዝምታ። ዜሮ።
የመሞከሪያዋን ሰሌዳ ሆን ብዬ ጣልኳት፤
ወድቃ፣ ዐሥራ አንድ ትውልድ ቆጠረችልኝ፣
አንድም የጥያቄ ምልክት ሳትጥል፤
እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ፣ ጣቴን እያስነካሁ፣ አብሬያት ቆጠርኩ።

ሊነጋጋ ሲል ዶሪን ደወለች፦
«ነቅዬ ሰካሁት፤ ተነሣ። ግን ምን ነበር የገደለው?»
«የዛሬ ሌሊቱን መቼም አናውቀው» አልኳት፤
«የሚቀጥለው ግን ይናገራል።»
«የሚቀጥለው?» አለች ዶሪን።
ከኋላዋ ፋኑ ይጮኻል።