ሁለተኛው ትኬት

ከጃንተከል ዋርካ ትንሽ ወረድ ብሎ
ቪዲዮ ቤት አለኝ፣ ካጥር ተንጠልጥሎ።
ሃያ አምስት ወንበር፣ ሦስቱ እግር የላቸው፣
ቀድሞ የገባ ሰው በዓይኑ የሚያውቃቸው።
ትኬት ቆራጭ እኔ፣ በር ዘጊውም እኔ፣
መብራት ሲሄድ ደግሞ የምሰደብ እኔ።

የዚያ ሳምንት ፊልም ሁለት ሰላይ ነበር፣
አንዱ ግንብ የሚያህል፣ አንዱ የግንቡ በር።
ወጥ ሠሪ ነን ብለው ከሽፍቶች ሰርግ ገብተው፣
ጭልፋና ሽጉጡን ባንድ ሽርጥ ሸጉጠው፣
አጭሩ ሲያስነጥስ፣ ረጅሙ ሲቆጣ
ከድስቱ ውስጥ ቦምብ፣ ከቦምቡ ጢስ ወጣ።
ቋንቋው አልገባንም። ቢሆንም ግድ የለም፣
ጥፊ አስተርጓሚ ፈልጎ አያውቅም።

ሲያልቅ በሩን ከፈትኩ።
ለእኔ ፊልሙ የሚጀምረው ያኔ ነው።

አዛናው ቀደመ፣ የባጃጁ ሹፌር፦
«መኪና ሲበርር አየን፣ እሺ ይብረር!
ግን ያን ጠመዝማዛ ፍሬን ሳይሸት፣ ጎማ ሳያጓራ?
ኧረ በሞቴ!
እኔ አንድ ቀን እንኳ ከመናኸሪያ ማራኪ እንደዚያ ብነዳ፣
ትራፊኩ ነበር ሰላይ የሚሆንብኝ።»

ገላነሽ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፣
የሳቅ ዕንባ ነው፦
«አጭሩን ወደድኩት፤ ውሸት አልሆንልህ አለው።
ስሙን ሲጠይቁት ሁለት ስም ነገራቸው!
ባሌም እንዲሁ ነው፤ ‹የት አመሸህ?› ስለው
ማን እንዳልነበረ ይዘረዝርልኛል።»

እንዳላማው ግን አልሳቀም።
ጫማ ሰፊ ነው፤ ሰውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነበው።
«ጢም ለጠፉ፣ እሺ። ኮት ቀየሩ፣ እሺ።
ጫማቸውስ?
ወጥ ሠሪ ተብሎ የፖሊስ ቡት፣ ያውም የተወለወለ!
የሽፍቶቹ አለቃ አንዴ ጎንበስ ቢል ኖሮ
በሩብ ሰዓት አልቆ እራታችን ላይ ነበርን።»

ሁለት ተማሪዎች ደፉ ላይ ተጣሉ።
«ቀልዱን አውጣለትና ምን ይተርፈዋል?»
«አንተስ? ካንተ ላይ ቀልድ ቢወጣ?»
ተገፋፉ፣ ተሰዳደቡ፣
አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

ከሁሉ ኋላ የሚወጡ ሁለት ሰዎች አሉ።
ጋሽ ማንደፍሮ፣ ጡረተኛ፣
ዱሮ ምን ይሠራ እንደነበር ሰፈሩ በሹክሹክታ የሚያውቀው፤
ጆሮ ጠቢ ይሉታል፣ ጆሮው በሌለበት።
ሌላው ዋሴ ነው፣ ሎተሪ አዟሪው።
አንዱ የፊት ወንበር፣ አንዱ የኋላ ጥግ።
ባንድ መንገድ ሲያልፉ ዐሥር ዓመት ሙሉ
አንድም ቀን አላየሁ ሰላም ሲባባሉ።

ፊልሙ መሀል አንድ ቦታ አለ፣ ማንም የማይወደው።
ሰላዮቹ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ይዘንባል።
ረጅሙ አንዲት ሙዝ ይገምሳል፣ ግማሿን ይሰጠዋል።
ሳይናገሩ ይነጋል፣ በቃ።
ሰው ያዛጋል፣ አንዳንዱ ለሽንት ይወጣል።
ያኔ በጨለማው ከፊት አንድ ሳቅ፣ ከኋላ አንድ ሳቅ
እኩል ተነሥተው እኩል ይቆማሉ።
አራት ምሽት ሰማሁ። አራቱንም ምሽት እዚያው ቦታ ላይ።

«እንዴት ነበር ጋሼ?» አልኩት በአራተኛው።
ባርኔጣውን ደፋ። «ደህና ነው። ሙዟ እውነት ናት።
ግን ጓደኛውን በሰው ፊት በስሙ ጠራው።»
ዝም አለ፣ ወደ ዋርካው እያየ፤
ዋርካው ሥር ዋሴ ያልተሸጡ ዕጣዎቹን ይቆጥራል።
«በስም አይጠራም» አለኝ።

በነጋታው መጣ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
«ሁለት ትኬት» አለኝ፣ ከጆሮዬ ቀርቦ፣
«ወንበሮቹ ይነካኩ።»
«ሁለተኛው የማን ነው?»
«አላውቀውም» አለ፣
ሳቁን ካፖርቱ ኮሌታ ውስጥ እየከተተ።
ከኪሱ የሙዝ ጫፍ ብቅ ብሏል።