ከዜሮ እስከ አስር

አስር ደቂቃ ነው የአንድ ሰው ድርሻ፣
ሦስቱ ኮት ማውለቂያ፣ ሁለቱ መሸሻ፤
የቀሩት አምስቱ ለዶሲንዳ ወገብ፣
ለመጠየቅ ሳይሆን ቁጥር ለመመዝገብ።

"ከዜሮ እስከ አስር፣ ስንት ነው?" እላለሁ፣
"ስምንት" ትለኛለች፤ ስምንት እጽፋለሁ።
ስምንት ዓመት ሙሉ "ስምንት" ስትለኝ፣
ክኒን ከመጨመር ሌላ መላ አልታየኝ።

ጋሊሲያ ጠረፍ ላይ ፀሐይ አትታመንም፤
የዛጎል ለቃሚ ሰዓቷ ውኃ እንጂ ሌላ አይደለም።
ባሕሩ ሲሸሽ ነው የሷ ቀን የሚነጋ፣
እንደ ማጭድ ጎብጣ ከጭቃው ልትዋጋ፤
በባለ ጥርስ ብረት አሸዋ ስትዝቅ፣
ጀርባዋ እንደ አሮጌ ጀልባ ሲሰነጠቅ።
ይህን ማን ነገረኝ? እኔስ መች ጠየቅሁ?
ራጅዋን አየሁ እንጂ እሷን መቼ አወቅሁ?

በጥቅምት ሳቤላ፣ የጣቢያችን ነርስ፣
ከሥልጠና መጣች በዝናብ ስትርስ።
ከቦርሳዋ አውጥታ የረጠበ ወረቀት፣
"ዶክተር፣ ቁጥሩን ተወው" አለችኝ በድፍረት፤
"ሕመሙ ምን ወሰደ? ይህን ጠይቃቸው፤
ሁለት ቀጠሮ አጣምር፣ ጊዜ ስጣቸው።"

ተቆጣሁ፣ አልዋሽም። ከሃያ ሦስት ዓመቴ
በኋላ ፊደል ሊቆጥር ነው ሽበቴ?

ማክሰኞ ግን እሷ ገብታ ስትቀመጥ፣
ኮምፒውተሩን ገፋሁ ፊቷ እንዲገለጥ።
"ምን ከለከለሽ?" አልኩ። እጄ ብዕር የለው።
ዝም አለች። ዝናቡ መስኮቱን ደለቀው።
ከዚያ ስለ ወገብ አንድ ቃል ሳትናገር፣
"መንበርከክ" አለችኝ፣ "ከልጅ ልጄ ጋር፤
ዛጎል እንዴት አድርጎ እንደሚተነፍስ
ላሳየው፤ በሁለት ቀዳዳ፣ ከአሸዋ ሥር፣ ቀስ... ቀስ።
ክኒንህ ያስተኛኛል፣ ባሕር ግን አይጠብቅም፤
ስምንት እልሃለሁ፣ ሌላ ብል አትሰማም።"

መድኃኒቱን በአንድ ቀን አልነጠቅኋትም፤
በየሁለት ሳምንት ሩብ ሩብ፤ አልቸኮልንም።
ሳቤላ ከግድግዳው ታስደግፋታለች፣
ጎንበስ ቀና ስትል "ማዕበል ነው" ትላለች።

አልዳነችም። ሕመሙ ዛሬም አብሯት ያድራል፣
እንደ ክፉ ጎረቤት ግድግዳ ይመታል።
ወረፋው ረዝሟል፤ ደጅ ያሉት ያማሉ፣
"ሐኪሙ አረጀ፣ ወሬ ወደደ" ይላሉ።

ትናንት ስትገባ፣ በሱሪዋ ጉልበት
ሁለት ክብ ጭቃ አየሁ፣ ገና ያልደረቀበት።
ቁጥር ከሚሞላው ሳጥን "ጭቃ" ጻፍሁ፤
"ስሕተት" አለኝ ማሽኑ። አላረምሁም፣ ተውሁ።