ደም መላሽ

ሐምሌ ላይ የጅማ ዝናብ ቀን አይመርጥም፤
ያን ክረምት ባጃጄ ላይ ማንም አይቀመጥም።
አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አየር ለምኜ፣
ተመልሻለሁ፤ ግን ማን ይመን መዳኔን?
“የኮሮናው ባጃጅ!” ይላል የሰፈር ልጅ
አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ በእኔ ደጅ።

ጋሽ ዳምጠው ደግሞ፣ የሂርማታው ነጋዴ፣
ካንዴላ ልገዛ ብቅ ብል አንዴ፣
“እዚያው ቁም!” አለና መጥረጊያ አስቀደመ፣
በእንጨቱ ጫፍ ስቦ ብሬን አጋደመ፣
በረኪና ረጨው።
ካንዴላው ተጣለልኝ፤ መልሱም ተወረወረ፤
አንዷ ሳንቲም ተንከባልላ ቦይ ውስጥ ገባች።
አላነሳኋትም።
(ዋሸሁ። ማታ በባትሪ ፈልጌ አጣኋት።)
ያን ሌሊት በልቤ አንድ ቃል ቋጠርኩኝ፤
“ደሜን እመልሳለሁ” ብዬ ማልኩኝ።

ነሐሴ ሲገባ ስልኬ ጮኸ ጠዋት፤
ሲስተር ፈዲላ ናት፣
ያኔ ኦክስጅኑን አፍንጫዬ ላይ ያሰረችው፣
“ሙዜ” እያለች ስሜን ያቆላመጠችው።

“ሙዜ፣ ደምህ ይፈለጋል።”
“ደሜማ ታሟል” አልኳት።
“ድኗል። ድኖም ተምሯል፤
የበሽታውን መልክ ለይቶ ያውቃል፣
የገባበትን በር፣ የተሸሸገበትን ጓዳ።
እዚህ አንድ ሰው አለ፣ ደሙ ገና እንግዳ፣
ጠላቱን ያልለየ።
የደም ዓይነታችሁ ይገጥማል። ውሃውን ብቻ ቀድተን ብንሰጠው . . .”
“ይድናል?”
ዝም አለች። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሰማሁ፤
የእርሷ ጣራ ይሁን የእኔ አላወቅሁ።
“እንጃ” አለች። “ማንም ገና አላረጋገጠም።
ግን እጅ አጣጥፈን ቁጭ ማለት አልቻልንም።”

ስለዚያች “እንጃ” ሄድኩ።
“በእርግጥ ይድናል” ብትለኝ ኖሮ እቀር ነበር፤
እርግጠኛ ሰውማ ሞልቶኛል በሰፈር።

ክንዴን አሰሩልኝ። ሥሬ ተደበቀ፤
ሁለቴ ተወጋሁ፣ ኋላ ደሙ ዘለቀ።
በቀጭን ቱቦ ወርዶ ወደ መዘውሩ ገባ።
እኔ የማውቀው ጎማ ሲሽከረከር ነው፤
ደም ሲሽከረከር አይቼ አላውቅም።
ቀዩ ወደ ታች ዘቀጠ። ከላይ የቀረው
ቢጫ፣
የጌራ ማር ከቀፎ በወረደ ዕለት
ፀሐይ ፊት ሲይዙት እንደሚመስለው።
“ይሄ ነው?” አልኩ።
“ይሄ ነው።”
ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ ሳል፣
የሞተ አባቴን በቅዠት የጠራሁበት ሌሊት፣
አንድ ከረጢት ቢጫ ውሃ።

ለማን እንደሚሰጥ አይነገርም፤ ደንቡ ነው።
ስወጣ ግን በሩ ላይ ትርሲት ቆማለች፣
የጋሽ ዳምጠው ልጅ፣
ጭንብሏ በእንባ ርሶ ከፊቷ ተጣብቆ፣
በእጇ የአባቷ መነጽር፣ አንድ እግሩ ወልቆ።
“የሚሰጥ ሰው ተገኘ አሉን” አለች፤
“እግዜር ይስጠው፣ ማን እንደሆነ አናውቅም።”
ክንዴ ላይ ጥጥ አለ። እጅጌዬን አወረድኩ።
“እኔም አላውቅም” አልኳት።

ባጃጄን ቀሰቀስኩ። ካንዴላው ያው የእርሱ ነው፤
ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።
የአዌቱን ድልድይ ስሻገር ሳቄ መጣ፤
ደም መላሽ በአገሬ ጠመንጃ አንግቦ ነው የሚወጣ፣
እኔ ግን በባዶ ሆዴ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣
መለስኩ፤
ቀዩን ለራሴ፣ ብጫውን ለእርሱ።
ከእንግዲህ ደመኛዬ ነው፤
ስሜን ባያነሳም ደሜ አለ በነፍሱ።

ሱቁ እስከ ዛሬ ዝግ ነው።
መዳኑን የነገረኝ የለም፤ መሞቱንም።
ትርሲትን አላገኘኋት፤ ፈዲላን አልጠየቅሁም።
በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፍጥነት እቀንሳለሁ፣
ጡሩምባ አልነፋም።
መጥረጊያው በሩን ተደግፎ ቆሟል፤
ዝናብ ይመታዋል።