የሐረጎ ጉም

ክረምት ነው፤ ሐረጎ ጉም ለብሳ አድራለች፣
አንዱን ኩርባ ውጣ፣ አንዱን ትተፋለች።
ሹፌሩ ይመር ግን ያውቃታል በመዳፉ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ነው በጀርባዋ ማለፉ።

እኔ ረዳቱ ነኝ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣
"ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!" እላለሁ፣ ጎሮሮዬ
እስኪሰነጠቅ ነው። እሱ ግን ዝም ይላል፣
ባለ ሦስት ሊትሯን ጀሪካን ያነሣል፣
ደሴ የሞላውን ሐረጎ ይጨርሳል።
ተሳፋሪው ይስቃል፦ "ከራዲያተር ይብሳል!"

"ስኳር" ተብሎ ነበር፤ ካርዱ ኪሱ ውስጥ አለ፣
ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ተጣጥፎ እየዋለ።
"ካላመመኝ ምንድን ነው?" ይላል፤ ክኒኑንም
አንድ ቀን ይውጣል፤ ሦስት ቀን አይውጥም።

ከዚያ ጥቅምት መጣ። ሰማዩ የታጠበ፣
የጦሳ ተራራ ቁልጭ ብሎ ቀረበ።
"ዛሬስ ጉሙ ከፋ፤ መስታወቱን ወልውለው፣"
አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤
ጉሙ የት ነው?

ወለወልኩ ዝም ብዬ፣ ንጹሑን መስታወት፤
ከኋላ አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ ሕይወት።
"ቀኝ ነው" አልኩት፣ "አሁን ግራ... ቀስ... ዝቅ በል"፣
እያነበብኩለት ወረድን ያን ገደል።

ቦሩ ሜዳ ወሰድኩት። "ሞራ ነው" አለኝ፣ "አባቴም ነበረው፣
በአንድ ጀንበር ተገፎ፣ ብርሃን መለሰው።"
ሐኪሟ ጠብታ ጨምራ፣ ብሌኑ እስኪሰፋ
አስጠበቀችን፤ መጠበቁ አለፋ።
ከዚያ በመብራቷ ጓዳውን አሰሰች፣
ወንበሯን ወደኋላ ሳብ አድርጋ ተነፈሰች፦

"ሞራውስ ጥቂት ነው፤ ከኋላ ነው ነገሩ፣
ስኳር አሳስቶት፣ ያፈሳል የደም ሥሩ።
ሕመም የለው ይሄ፤ ሳያንኳኳ ይገባል።
የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው በጨረር፣ በክኒን ይጠበቃል።"

ይመር ዝም አለ። ከዚያም፣ "እመቤት፣ ስንት ኩርባ
ይቀረኛል?" አላት።
እሷም ጻፈች፦ "በየሦስት ወሩ ግባ።"

ዛሬ መሪው ከኔ፣ እሱ ከጎኔ ነው፤
ኩርባ እየጠራልኝ፣ አሁን ረዳት እሱ ነው።
ጀሪካኗ የለችም። ክኒኑን ሲውጥ አያለሁ፣
ባላይ እጠይቃለሁ።

ሐረጎ ላይ ደርሰን ዳገቱ ነጥቶ፣
እጁን ወደ ብርዱ በመስኮት አውጥቶ፣
"አንተ ልጅ፣ እውነቱን..." ይለኛል ዝግ ብሎ፣
"ይሄ ጉም የማን ነው? የኔ ነው የሐረጎ?"

"የሐረጎ ነው" እላለሁ።
አንዳንዴ፣ እዋሻለሁ።