ነቅቶ ሳለ አይነሳም

ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ፣ ከወረዳው አጥር ሥር፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ገጹን በሃያ ብር።
ቶሺባዬ አርጅቷል፤ ባትሪው ሞቷል አምና፣
ገመዱ ከተነቀለ ጭልም ነው፣ እፍ እንዳሉት ፋና።

ዛሬ ደግሞ ባሰበት።
«ጉዳዩ፦» ብዬ ለመጻፍ፣ አንዲት ነጠላ መስመር፣
የአሸዋ ሰዓቷ ስትገለበጥ፣ ስትገለበጥ ረፈደ፤
ሆዱ ውስጥ ዲስኩ ክርር፣ ቋ፣ ክርር፣
ጥርኝ ሽምብራ እንደሚቆረጥም ሰው።
ኦቦ ጎንፋ ሊበን አግዳሚው ላይ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣
«ታሟል እንዴ?» አሉኝ።
«ታሟል።»
«ምኑን?»
«ሐሳቡ ተበታትኖበት።»

ከጎን ፎቶ ኮፒ ቤት ሮባን ጠራሁት። መጣ፣
ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቶ፣ ቶነሩ ከጥፍሩ ሳይወጣ።
ሳይቀመጥ የዲስኩን ካርታ ዘረጋልን፤
ሰማያዊው የተያያዘ፣ ቀዩ የተበጣጠሰ፣
ነጩ ባዶ ቦታ፣ እሱም ከስንጥር ያነሰ።
«አንድ ደብዳቤሽ ሃያ ቦታ ነው ያለው፤
አናቱ እዚህ፣ ግርጌው እዚያ፣ ፊርማው ማዶ ነው።
መርፌው ሲዞር ይውላል፣ ከቤት ቤት፣ እንደ ወሬኛ፤
ደክሞት ነው የሚያቃስተው፣ መች ሆነና ዳተኛ!»

መጀመሪያ ቦታ ማስለቀቅ ነበረብን።
የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሰርግ ቪዲዮ ጠፋ፣
ቀኑ ያለፈበት ጨረታ፣ የእህቴ ልጅ ጌም።
ጣቱ ወደ ድሮ ማመልከቻዎች ሲሄድ ግን
እጁን ያዝኩት።
«ይሄ አይጠፋም። ገና መልስ አላገኘም።»

ተጀመረ። ቀዩ ሲሳሳ፣ ሰማያዊው ሲሰፋ፣
ሽማግሌው አንገታቸውን አሰገጉ።
መሐል ላይ አንዲት አረንጓዴ ሰበዝ ግን ቀረች፣
ግራ ቀኟ ሲተራመስ ንቅንቅ ያላለች።
«ይቺስ?»
«ገጽ ፋይል ናት አባባ። ራሙ ሲጠበው የሚበደራት፣
ማሽኑ ነቅቶ ሳለ ማንም አያነሳት።
ቆሞባት ነው የሚያስበው።»

ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ዋጡት።
«እኛን ግን ነቅተን ሳለን ነው ያነሱን» አሉ፣
ከዘራቸውን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ቀስረው፦
«ያ ብሎክ አርባ ሁለት የኔ አውድማ ነበር፤
ደረጃው የወጣበት ላይ በሬዬ ይዞር ነበር።
ካሳው አለቀ፣ ልጆቼ በአራት ሰፈር፣
አንዱ ጣፎ፣ አንዷ ገላን፣ ሁለቱን እንጃ።»

ሮባ መልስ አልነበረውም። አቀረቀረ።
ቨርቹዋል ሜሞሪውን «የለም» አደረገ፣ አጥፍቶ አስነሳ፤
አረንጓዴዋ የለችም። ዲስኩ ለሥራው እንደገና ተነሳ።
ከመቶ ሰባ ሦስት ላይ መብራት ሄደ።
ጭልም።
ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሦስታችንም የራሳችንን ፊት አየን፤
የጎረቤቱ ወፍጮ ዝም ሲል ነው ያወቅነው፣
የሰፈሩ ሁሉ መሆኑን።

አሥር ሰዓት ላይ መጣ።
ማሽኑ ራሱን መረመረ፣ በሰማያዊ ገጽ ላይ
ነጭ ፊደል እያነበነበ፤ የጎደለ አላገኘም።
የቀረውን ጨረሰ። ገጽ ፋይሏንም ሮባ መለሳት፣
መነሻና መድረሻዋን አንድ ልክ አድርጎ ሰጣት፣
«ከእንግዲህ እያበጠች፣ እየሟሸሸች አትበጣጠስም» አለና
ብሩን ሳይቀበል ወደ ፎቶ ኮፒው ሮጠ።

«ጉዳዩ፦» ብዬ መታሁ።
ጣቴ ሳይነሳ ወጣ።
«እሺ አባባ፣ ይንገሩኝ።»
መስመሯ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ ትላለች።
ኦቦ ጎንፋ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው፣
ከሌላው ወደ አንዱ፣
«ቆይ» አሉ፣ «ቆይ የኔ ልጅ። የቱ ነበር መጀመሪያው?»