የመንገዱ ጊዜ

መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
ከዛገ ቆርቆሮ ሥር፣ በጎባጣ ወንበር፣
አቤቱታ ልጽፍ ሃያ ዓመት ስቀመጥ፣
ብዙ እንባ አይቻለሁ ወደ ቀለም ሲለወጥ።

ዛሬ በማለዳ፣ ውርጩ ሣሩን ነክሶ፣
እስክሪብቶዬ ደርቆ፣ ጣቴ ደም ጨርሶ፣
እንግዳወርቅ መጣች፣ ሌሊቱን ተጉዛ፣
የወንድሟን ባና ጠቅልላ ይዛ።

«ሸዋንግዛው ታስሯል፣ ዘጠኝ ሌሊት ሆነው፤
ለገበያው ቀረጥ ‹ደረሰኝ› ቢል ነው።
ክስ የለም። ‹ዳኛስ?› ስል፣ በ‹ነገ› ሸኙኝ፤
ባናውን ስጡት ስል፣ ‹ሞቆታል› አሉኝ።»

ከመሳቢያዬ ውስጥ አለች ትንሽ መጽሐፍ፣
በጆንያ መርፌ የተሰፋች በጫፍ፤
አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ ሦስት ላይ አጥፌያታለሁ፣
ገጿን ጣቴ ያውቃል፣ በጨለማም አገኛለሁ።
አርባ ስምንት ሰዓት። ከዚያ ወዲያ የለም።
ከሥሩ ግን አንዲት ሐረግ፣ ምናልባት ለእኛ አስቦ፣
ገደሉን፣ በቅሎውን፣ ጉሙን አገናዝቦ፣
የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም ይላል፤
በአግባቡ ነው እንጂ፤ መንገድም ይለካል።

«አካል ነጻ ማውጣት» ብዬ ከላይ አሰመርሁ፤
ሐረጓን ሳልሸሽግ፣ ቁጥሯንም አኖርሁ።

«የእነሱም ደብዳቤ ማኅተም አለው» አለች።
ባናውን ገለጥሁት፤ «የእጁ ሥራ ነች?» «ነች።»
«ድሩ ቀድሞ ይወጠራል፤ ማጉ ኋላ ይገባል፤
ድሩን የበጠሰ ማግ ጨርቅ መሆን የት ያውቃል?
ደንቡም ደብዳቤውም በዚህ ድር ነው የሚያልፈው፤
ከሳተ፣ ዋጋ የለው፣ አለቃም ቢጽፈው።»
ድሩን አሻሸችው። «ሲላላስ?» አለችኝ።
ጻፍሁ ብቻ። ውርጩ ነው ጣቴን የቆረጠኝ።

ከሰዓት በችሎት፣ የጣቢያው ሰው ቀርቦ፣
ነዳጁን፣ ጉሙን፣ መንገዱን ሰብስቦ፣
«አግባብ ያለው ጊዜ ነው፣ ክብርት ሆይ» እያለ፣
ዳኛዋ ቀና አለች፤ መስኮት ከጎኗ አለ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ከአንዱ ባሕር ዛፍ ሥር፣
ጣቢያው ይታያል፣ ከነሰማያዊ በር።
መንገዱን አውቃለሁ፣ ለምሳ ስመላለስ፤
መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ከደጃፍ ደጃፍ ድረስ።
አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልተናገርሁ፤
ከኋላ ወንበር ላይ በጣቴ ስቆጥር ነበርሁ።
«ለዚህች» አለች፣ «ዘጠኝ ቀን?» ቃል ሳትጨምር፤
የሰውየው ኮፍያ ጀመረ መዞር፣
በገዛ እጁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሸዋንግዛው ወጣ።
ሕዝብ አልጨፈረም፤ ጋዜጠኛም አልመጣ።
ባናውን ደርባለት፣ እኅቱ እጁን ይዛ፣
መጡ፣ ወረቀቴን ስሰበስብ ከጠረጴዛ።
መቶ ብሬን ቆጥሮ ሰጠኝ። ከዚያ ቆየና፣
«ደረሰኝ?» አለኝ ረጋ ብሎ፣ እጁን ዘረጋና።

ሃያ ዓመት በዚህ በር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
ደረሰኝ የለኝም። እሱም ንቅንቅ አላለም።
ከደብተሬ ቀደድሁ። ስሜን ከነአያቴ ጻፍሁ፣
ቀኑን፣ ሰዓቱን ጭምር።
እሱ ሲያነብ፣ እንደ ተከሳሽ ቆሜ ጠበቅሁ።